የካናቢስ ዘይት ፍለጋ በቡታጅራ

ዛሬ ቡታጅራ አንድ ፋርማሲ ገብቼ «ለሕመም የሚሆን የካናቢስ ዘይት አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እናቴን የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዛት ዓመታት አልፈዋል። አሁን ግን ከሕመሙ ይልቅ ዝምታዋ ያስፈራኛል። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ትውላለች።

ውጭ አገር እንዲህ ላለው ሕመምና ድብርት ሐኪም ያዝዘዋል ሲሉ ሰምቼ ነው። ይርዳ አይርዳ አላውቅም።

ፋርማሲስቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜ፣ እዚህ አገር ክልክል ነው፤ ያሳስርሃል» አለችኝ።

ቤት ስደርስ በር ላይ የሰው ጫማ ተደርድሯል። ወሬው ባጃጅ ይዞ ቀድሞኛል መሰለኝ! አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ እናቴ አጠገብ ተቀምጧል።

«ሐሺሽ ጀመርክ አሉ። ወላሂ፣ እንኳን አባትህ ይህን ሳያይ ሞተ!» አለኝ አጎቴ።

«ለእማ ብዬ ነው» አልኩ። ማን ሰምቶኝ? አላህ ከሱስ እንዲያወጣኝ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ።

«አሚን» ተብሎ ሲያበቃ እናቴ ከግድግዳው ዞረች።

«እና አገኘኸው?» አለችኝ።

ይኸው ከግቢው በር እስከ ጓዳ እመላለሳለሁ። ቤታችሁ እንዲህ ሰው የታመመባችሁ፣ ምን ብላችሁ መለሳችሁ? ቶሎ ጻፉልኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ አላዞረችም፤ እየጠበቀችኝ ነው።