የአባቴ ዓይንና የግራው ጎማ

አባቴ የቀራቸው አንድ ዓይን ነበር። ያኛው ከጠፋ ቆይቷል። የተረፈውን ሞራ ቢጋርደው ደብረ ብርሃን ወስጄ አሳከምኳቸውና ሐኪሙ ዓይናቸውን በፋሻ ሸፍኖ አሰናበተን። በር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ጭንቅላታቸው እንዳይናወጥ፤ ከተናወጠ ለዓይኑ ዋስ አልሆንም" አለኝ። እኔ ሞኟ ቀላል ነገር መሰለኝ።

መኪናዬ ከጠዋት ጀምሮ ጋራዥ ነበረች። መሪ ሳዞር ከግራው የፊት ጎማ ቋ ቋ ትል ስለነበር፣ መካኒኩ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ፣ አክስሉን፣ በአዲስ እየቀየረልኝ ነበር። አባቴን በባጃጅ ይዤ ስደርስ ጎማው ተመልሶ ገብቷል፤ ክሪኩም ወርዷል። መካኒኩ መፍቻ ይዞ ጎማው ሥር ተንበርክኳል። የአባቴን የቅስና ጥምጥምና መስቀል ሲያይ መፍቻውን መሬት ላይ ትቶ ብድግ አለ፤ ቅባት የነካ እጁን በቱታው ጠርጎ ራሱን ዝቅ አደረገ። አባቴ ባያዩትም አጠገባቸው መቆሙን አውቀው መስቀላቸውን አሳለሙት። ከዚያ ምርቃቱን ጀመሩ። አባቴ ሲመርቁ አይቸኩሉም፤ እጁን፣ ልጆቹን፣ መሣሪያውን፣ ደጁን የሚረግጠውን ሁሉ አዳረሱ። እሱ በየመሀሉ አሜን ይላል። ሲያበቁ ፊቱ በርቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ደግፎ አስገባቸው።

"ጨረስክ?" አልኩት።

"አልቋል እህቴ፤ በሰላም ግቡ።"

ከተማውን እስክንወጣ ደህና ነበርን። ወደ አንኮበር በሚወስደው ሜዳ ላይ ትንሽ ፈጠን ስል ግን መሪው እጄ ውስጥ መንዘር ጀመረ። ቆየት ብሎ ወንበሩም ተከተለ። አባቴ ሁለት እጃቸውን አንስተው ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ያዙ፤ ሙሉ እንስራ እንዳይፈስበት የሚጠነቀቅ ሰው ይመስሉ ነበር።

"ምንድን ነው ልጄ?"

"መንገዱ ነው አባባ።"

"መንገዱስ አይደለም" አሉ በቀስታ፤ "ይኼን መንገድ በበቅሎ አውቀዋለሁ።"

ፈራሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት አዲሱን አክስል ነበር፤ ካምቢዮው ውስጥ በደንብ አልገባም ይሆናል አልኩ። እንደዚያ ከሆነ ነዳጅ ስሰጣት ነው የሚብስባት ብዬ እግሬን አነሳሁ። አልተወችም። ፍሬን ነካ አደረግሁ፤ ጭራሽ ባሰባት። ቀስ ስል ደግሞ መንቀጥቀጡ ወደ መወላገድ ተለወጠ፤ በእኔ በኩል፣ በግራ ብቻ። ሜዳው አልቆ ገደሉም በግራዬ ነበር። ጉሙ ወርዶ የመንገዱን ጠርዝ ውጦታል፤ ልቁም ብል ዳር የሚያስይዝ ቦታ የለም፤ ከኋላዬ ደግሞ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ይለቅብኛል። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። በሹፌሩ፣ በመካኒኩ፣ በሐኪሙ፣ በጉሙም ሳይቀር። አባቴ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይደግማሉ፤ ድምፃቸው ከመኪናዋ ጋር ይንቀጠቀጣል። በየንቅጥቅጡ የማስበው ከፋሻው ሥር ያለችውን ያቺን ዓይን ነበር።

ሰፋ ያለ ቦታ ሳገኝ ቆምኩ። ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጌ የግራውን ጎማ ብሎኖች መንካት ጀመርኩ። የመጀመሪያው በጣቴ ዞረ። ሁለተኛውም ዞረ። ሦስተኛው ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። የአራተኛው ቦታ ባዶ ነበር።

ያኔ መሬት ላይ የቀረው መፍቻ ትዝ አለኝ። አክስሉ ምንም አልሆነም። መካኒኩ ብሎኖቹን በእጁ አስገብቶ፣ ጎማው መሬት ሲይዝ በመፍቻ ሊያጠብቃቸው ሲል ነው እኛ የደረስንበት። ምርቃቱ መሀል ገባ። ከምርቃት በኋላ ወደ መፍቻ መመለስ ማን ያስታውሳል? አፌን በነጠላዬ አፍኜ፣ አባቴ እንዳይሰሙኝ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የመኪናዋን መፍቻ አውጥቼ፣ ላዩ ላይ እየቆምኩ የቀሩትን ሦስቱን አጠበቅኋቸውና ገብቼ ተቀመጥኩ።

"አሁንም ትንቀጠቀጣለች" አሉኝ።

ሞተሩን ገና አላስነሳሁም ነበር። "እኔ ነኝ አባባ" አልኳቸው።

እጄን ፈልገው ያዙኝ። "መኪናዋስ ምን ሆና ነው?"

"ብሎን ሳይጠብቅ ቀርቶ ነው።"

"ረስቶት?"

ቁልፉን አዞርኩ። እጄን ለቀቁና፣ "ሥራውን አስጣልኩት" አሉ። አንኮበር እስክንገባ ቀስ ብዬ ነዳሁ።

በቀጠሯችን ቀን ፋሻው ሲፈታ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አይ ነበር፤ ዓይናቸውን ለማየት ድፍረት አጣሁ። "ከስተሻል" አሉኝ። እንደሚያዩ ያወቅሁት በዚህ ነው።

ከዚያ ጋራዡ ጋ ውሰጂኝ አሉ። መካኒኩ የሌላ ሰው ጎማ እያሰረ ነበር፤ ሲያየን ለመነሳት ከጀለ። አባቴ መስቀላቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

"ጨርስ ልጄ፤ እኔ እቆያለሁ" አሉት።

በዚያ ብርድ ቆመው ጠበቁት። እኔም መፍቻው በዞረ ቁጥር እየቆጠርኩ፣ የመጨረሻው ብሎን እስኪጠብቅ ትንፋሼን ይዤ ነበር።