ፀጉር ቆራጩ የተጠየቀ ዕለት

ፀጉር ቆራጩ ማንግ ክሪስፑሎ፣ በእኛ አጠራር ጋሽ ክሪስፑሎ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መንግሥትን ሲተች የኖረው ምላጭ በእጁ ይዞ ስለሆነ፣ በሳን ኢሉሚናዶ ከተማ አንድም ቀን የተቃወመው ሰው አልነበረም። አንገቱን ለስለት የሰጠ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? «ልክ ነህ ማንግ ፑሎ» እያለ ተላጭቶ ይሄዳል እንጂ።

የሚወደው ወሬ ደግሞ ከሱቁ ደጃፍ ተዘርግቶለታል። የገበያው መንገድ ነው። ምንም ያልሆነ ሲሚንቶ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ይፈነቀላል፤ ከተማው ስድስት ወር አቧራ ይቅማል፤ ከዚያ ያው መንገድ እንደገና ይሞላል። የሚፈነቅለውም የሚሞላውም ዶን ቴዎዱልፎ ነው፣ የከንቲባው ሚስት ወንድም።

«መንገዱ እኮ አልታመመም!» ይላል ማንግ ክሪስፑሎ የደንበኛውን ጆሮ በጣቱ አጠፍ አድርጎ። «እኛ ግብር እንከፍላለን፣ እሱ ይቆፍራል። ሰውዬው ሲያነጥስ እኮ ምክር ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ ይማርዎ ይላል!»

ታዲያ በዚያ ዓመት አንድያ ልጁ ሚንዳ ልታገባ ሆነ። በሳን ኢሉሚናዶ የሠርግ መጥሪያ ላይ የአበልጆች፣ ማለትም ለሙሽሮቹ ዋስ ሆነው የሚቆሙ የክብር ሰዎች፣ ስም ይደረደራል፤ በዝርዝሩ አናት ትልቅ ስም ከሌለ አማቶች ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው «በቃ ይኸው ነው?» ይላሉ። ሚስቱ ፐርፔቱዋ ባሏን ሳታማክር በቀጥታ ዶን ቴዎዱልፎ ቤት ሄደች። የግማሹ ከተማ አበልጅ የሆነው ዶን እሺ አለ፤ ሁለት ጥብስ አሳማም ቃል ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንግ ክሪስፑሎ ምላጩን ዝም ብሎ የሚስል ሰው ሆነ። አንድ ጊዜማ «ሲሚንቶ አዲስ ሲሆን ያምራል» ቢል ደንበኛው ያመመው መስሎት ግንባሩን ዳሰሰው።

ለሠርጉ ዐሥር ቀን ሲቀር አንዲት ወጣት ሴት ወረቀቷን ታቅፋ ሱቁ ገባች።

«ከማኒላ ነው የመጣሁት፤ የሕዝብ አስተያየት እንሰበስባለን። መላሹን እንደ ዕጣ የምንለየው በልደት ቀን ነው፤ ከዚህ ቤት ሰዎች ልደቱ የቀረበው ማነው?»

«እሱ» አለች ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ካለው ቤታቸው ብቅ ያለችው ፐርፔቱዋ በጣቷ እያሳየች፤ ወዲያው ጣቷን መለስ ለማድረግ ብትሞክርም አልሆነላትም።

ወሬው ከልጅቷ ቀድሞ ነበርና ጎረቤት መስኮቱን ሞላው። ዓሣ ሻጯ ባሲሊሳ ቅርጫቷን እንደተሸከመች ከፊት ቆማለች። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ ሳሙና የሆነው ኦኖፍሬ ደግሞ «ሳልጨርስ ወዴት ልሂድ?» ብሎ ከወንበሩ አልነሣ አለ።

«መልስዎ በምስጢር ይያዛል» አለች ልጅቷ።

ማንግ ክሪስፑሎ መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ዐሥራ አንድ ጭንቅላቶች አየ። «ይታየኛል ልጄ፣ ይታየኛል።»

«መንግሥት ገንዘቡን በአግባቡ ያወጣል ይላሉ?»

«አላውቅም።»

መስኮቱ አቃሰተ።

«ሀብታሞች በመንግሥት ወጪ ላይ ያላቸው ተሰሚነት ከመጠን በላይ ነው፣ ልክ ነው፣ ወይስ ያንሳል?»

«ልክ... ልክ ነው።»

«አንተ ውሸታም!» ጮኸች ባሲሊሳ። «ታዲያ ሠላሳ ዓመት ጆሯችንን ስታደማው የኖርከው ለምንድነው?»

«እባካችሁ፣ የሚመልሱት እርሳቸው ብቻ ናቸው» አለች ልጅቷ።

«እኔ እዚህ ወንበር ላይ ያለቀው ፀጉሬ ሳይሆን ዕድሜዬ ነው!» አለ ኦኖፍሬ አረፋ እየረጨ። «ልጄ፣ ከመጠን በላይ ብለሽ ጻፊ!»

«ፑሎ!» የሚል የሚስቱ ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። «አሳማውን አስብ!»

ማንግ ክሪስፑሎ ግን ያሰበው ሌላ ነው። እስከዛሬ ሰው ሁሉ ሰማው እንጂ ማንም ጠይቆት አያውቅም። አሁን በሕይወቱ የመጀመሪያዋ ሰው ብዕር ይዛ «ምን ይላሉ?» ስትለው፣ አፉን በጥብስ ዘግቶ ተቀምጧል። ከልቡ አፈረ።

«ሰርዢው» አለ። «ከመጠን በላይ ነው። ሦስት ጊዜ ጻፊው።»

«አንዴ ይበቃል አባባ።»

መስኮቱ አጨበጨበ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ የጎማ ጫማ በርሮ ኦኖፍሬን መታው።

ባሲሊሳ ዓሣ የምታቀርበው ለዶን ወጥ ቤት ስለሆነ ወሬው ከመምሸቱ በፊት ዶን ጆሮ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ከዶን ዘንድ ዘጠኝ ቀን ድምፅ ጠፋ። ፐርፔቱዋ ባሏን በኩርፊያ ቀጣችው። ሚንዳ «የዶን ስም መጥሪያው ላይ ታትሟል እኮ አባዬ! ቢቀርስ አማቶቼን በምን ዓይኔ አያለሁ?» እያለች ስታለቅስ አንጀቱን በላችው። ማንግ ክሪስፑሎ ጠዋት ጠዋት ይኮራል፣ ከሰዓት በኋላ ይጸጸታል።

የሠርጉ ዕለት አሳማዎቹ መጡ፤ ሁለት ሳይሆኑ ሦስት። ከኋላቸው ዶን ቴዎዱልፎ እጆቹን ዘርግቶ ገባ።

«አበልጄ! ምን ብዬ ላመስግንህ?»

«ስለ... ስለ ምኑ ጌታዬ?»

«ስለተናገርከው ነዋ! ሰው ሁሉ ‹ዶን አርጅቷል፣ ከንቲባውም አይሰማውም› እያለ ሲያማኝ አልነበር? አንዱ የሌላ አገር ተቋራጭማ መንገዴን ሊነጥቀኝ ሰፈር ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ነበር። አንተ፣ ለማንም የማታጎበድደው ሰው፣ ‹የዶን ተሰሚነት ከመጠን በላይ ነው› ብለህ ለማኒላ ማስመዝገብህን ሲሰማ ሻንጣውን ጠቅልሎ ሄደ! ሦስተኛው ለዚያ ነው።»

አማቶች አጨበጨቡ። የሚንዳ ፊት በራ። ማንግ ክሪስፑሎ ተቃውሞው ምስክርነት ሆኖ ዶንን እንደጠቀመው ሲገባው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ፐርፔቱዋ ከዘጠኝ ቀን ኩርፊያ በኋላ ስቃ ትልቁን የጥብስ ቆዳ ሰሃኑ ላይ አኖረችለት።

ምናለ ጥብሱ እንኳ ቢያርር? ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ሥጋው አፍ ውስጥ ይሟሟል። ማንግ ክሪስፑሎ በንዴት እንባው እየመጣ ሁለተኛ ሰሃን ጠየቀ።