ለኳስ የተላከ ሽማግሌ

ሰው ሽማግሌ የሚልከው ሚስት ለመጠየቅ ወይም የተጣላ ለማስታረቅ ነው። እኔን የስፕሪንግፊልዱ ጎረቤቴ የላከኝ ግን የልጁ የአሜሪካ ፉትቦል ኮች ዘንድ ነው!

ልጁ ለኮሌጁ ታይት ኤንድ ሆኖ ይጫወታል። ታይት ኤንድ ተጋጣሚን ገፍቶ መንገድ ይከፍታል፣ የተወረወረለትን ኳስም ይቀበላል። የእኛን ልጅ ግን ሲያስገፉት ብቻ ሲዝኑ ሊያልቅ ነው። አባትየው ነደደው።

ሦስት ሆነን ነጠላችንን አጣፍተን ሄድን። ኮቹ ወንበር ሲያሳየን፣ «ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም፤ እባክዎ ለልጃችንም ኳስ ያስወርውሩለት» አልነው።

ኮቹ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ባለፈው ሳምንትም እንደ እናንተ ነጭ የለበሱ ሦስት ሰዎች መጥተው አንቀመጥም ብለው ነበር። ‹ኳስ ሲይዝ ተረባርበው ይጥሉታል፤ እባክዎ አያስወርውሩለት› አሉኝ።»

ክው አልኩ። «ማነው የላካቸው?»

«እናቱ።»