ኑርጃን የተረጎመቻት ልዕልት

ኑርጃን ከሪያድ ከተመለሰች ሁለት ዓመት አልፏታል። አስራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ጠርጋ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ መጥታ፣ አሁን መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ሻይና ብስኩት ትሸጣለች። ጎረቤቷ የጋሽ ፈንታው ቪዲዮ ቤት ነው። ኳስ ባለ ቀን ኳስ፣ ኳስ በሌለ ቀን ፊልም ይታይበታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ፈንታው ብቅ አሉ።

«ኑርጃን፣ ከደሴ ያስመጣሁት ፊልም አረብኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ቤቱ ደግሞ ሞልቷል። ገብተሽ የሚሉትን ብትነግሪን?»

«እኔ? ሰው ፊት ቆሜ? ወላሂ አልችልም።»

«መቆሙን ማን አመጣው፣ ተቀምጠሽ ንገሪን።»

እምቢ ማለት ከበዳት። ከተመለሰች ጀምሮ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብለው ያልጠየቋት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ምድጃዋን አጥፍታ ተከተለቻቸው።

ፊልሙ ገና ሲጀምር ታሪኩን አወቀችው። ጎርፍ የወሰዳትን የንጉሥ ልጅ አንድ ባለ ወፍጮ አግኝቶ ያሳድጋታል፤ ኋላ አባቷ በዘፈኗ ያውቃታል። ቀድሞ የተሠራውን የድሮውን ፊልም ሪያድ ታሳድጋት ከነበረችው ልጅ ከሉልዋ ጋር ስንቴ እንዳየችው አላህ ይወቀው። በዚያኛው ልዕልቷ ነጭ ነበረች፣ ፀጉሯም እንደ ገብስ ነዶ ቢጫ። ሉልዋ ያንን ስትጫወት «አንቺ ጥቁር ስለሆንሽ ልዕልት አትሆኚም፤ የወፍጮ ቤቱን ሠራተኛ፣ ዱቄት ተሸካሚዋን ሁኚ» ትላትና ትራስ ታሸክማት ነበር። ያቺው ሉልዋ መልሳ የኑርጃንን ክንድ ካልተንተራሰች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ኑርጃን ቂም አልያዘችባትም፤ ቃሉ ግን አብሯት መጥቷል።

ይህ ፊልም እንደገና የተሠራ ነው። አንዲት ጥቁር፣ ፀጉሯ የተንጨባረረ ልጅ ዱቄት ተሸክማ ወጣች።

«ልዕልቷ መቼ ነው የምትመጣው?» አለ ከኋላ ገበየሁ፣ መናኸሪያው ላይ ዕቃ የሚጭነው።

«መጥታለች። እሷ ናት።»

«ተይ እንጂ፣ እሷማ ሠራተኛዋ ናት።»

ቤቱ ሳቀ። ኑርጃንም ልጅቷን ስታይ ለአፍታ ያሰበችው ይህንኑ ነበርና፣ ከሳቁ ይልቅ ይህ ወጋት።

ንጉሡ ሲመጣ ነጭ ሆነ፤ ባለ ወፍጮው ደግሞ መንገድ ሊሠሩ እንደመጡት ቻይናዎች ያለ ሰው ነው። ክርክሩ ጦፈ።

«ንጉሡ ነጭ ሆኖ ይቺን ከየት አመጣት?» አለ አንዱ።

«እናቷን መስላ ይሆናል» አለች ኑርጃን። «እናንተ ቤት ሁሉም አባቱን ነው የሚመስለው?»

ሳቁ ወደ ጠያቂው ዞረ። የኑርጃን ድምፅም ከዚያ በኋላ ተፈታ።

ልጅቷ ወንዝ ዳር ቆማ መዝፈን ስትጀምር ግን ጭንቅ መጣ። ዘፈን እንዴት ይተረጎማል? ሰው ሁሉ የኑርጃንን አፍ ያያል። በሠርግ ቤት የምታውቀውን ዜማ ያዘችና እንዲህ አለች፦

ጥቁሩ መሬት ነው ስንዴ የሚያበቅለው፣
በጥቁር መልኬ ላይ ምን የሚያስቅ አለው?

አንዲት ሴት እልል አለች። ሌሎቹ በጭብጨባ ተቀበሏት። ንጉሡ ከዛፍ ጀርባ ቆሞ ዘፈኑን ሲሰማ፣ ያ ገበየሁ ከወንበሩ ተነስቶ «ዙሪ፣ ዙሪ፣ አባትሽ ከኋላሽ ነው» ይል ጀመር። የሚያስቀምጠው ጠፋ።

ሲያልቅ ጋሽ ፈንታው በሹክሹክታ ጠየቋት። «እውነት እንዲያ ነው ያለችው?»

«አይ፤ እሷስ የዘፈነችው ስለ ጨረቃ ነበር።»

«ይሁን፤ የኛው ይሻላል» አሉና፣ «አላህ ይስጥሽ» ብለው መረቋት፤ ክርስቲያን ቢሆኑም ምርቃታቸው እንዲያ ነው።

በሳምንቱ ሰው ደግማችሁ አሳዩን አለ። የዚያን ቀን የኑርጃን እናት እቴቴም መጡ። እቴቴ ልጃቸውን በልጅነቷ ከፀሐይ የሚሸሽጓት፣ «ከዚህ በላይ ከጠቆርሽ ማን ያገባሻል?» የሚሏት ሰው ነበሩ። ከፊት ተቀምጠው ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩ።

ከልጃቸው ጋር ወደ ቤት ሲወጡ እቴቴ ዳገቱ መሐል ላይ ቆሙ።

«የዚያች ልጅ እናት የታለች?»

«የለችም እማ። ገና በፊልሙ መጀመሪያ ሞታለች።»

«አላህ ይዘንላት። እንዲያ ያለች ቆንጆ ወልዳ፣ ሳትጠግባት።» እቴቴ ትንፋሻቸውን እስኪያሰባስቡ የኑርጃንን እጅ ያዙ፤ ካሰባሰቡም በኋላ አልለቀቁትም። «እኔስ ታድዬ፤ ሳልሞት መጣሽልኝ።»

ኑርጃን ፊልሙን የተረጎመችበትን አረብኛ በጩኸትና በቁጣ መሐል ነበር የተማረችው፤ የሪያዱን ዘመኗንም የባከነ ስትለው ኖራለች። አሁን በሆዷ አልሃምዱሊላህ አለች፤ ለጋሽ ፈንታው፣ ለገበየሁ፣ ለሉልዋም ጭምር ዱዓ አደረገች። ከዚያ እናቷን ደግፋ ዳገቱን ቀጠለች።