ለለንደን ያልበቃው መታወቂያ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለሮም ጉዞዋ ሻንጣዋን ስትዘጋ በሩ ላይ ቆሜ፣ «እስቲ መታወቂያሽን አሳዪኝ» አልኳት። «ማማ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነው እኮ!» አለችኝ በስዊድንኛ። እውነቷን ነው። መንገደኛው የያዘው ካርድ ከፖሊስ የወጣ ብሔራዊ መታወቂያ መሆኑን በዓይኔ ሳላይ ማንንም አልሸኝም።

ይህ አመል የያዘኝ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ፣ ከጓደኛዬ ከሰናይት ጋር ሁስቢ በሚባል የስዊድን ሰፈር አንድ ቤት ስንጋራ ነው። አብሮ አደጋችን ሂሩት ለንደን ልታገባ ነበር፤ አንደኛ ሚዜዋ እኔ ነበርኩ። ለቪዛው ያልሞላሁት ቅጽ የለም። የመግቢያውን ደንብ፣ እኔን የማይመለከተውን የአውሮፓ ዜጎች ክፍል ሳይቀር፣ በቃሌ እስክይዘው አነበብኩት። ተከለከልኩ።

በዚያው ወር ሰናይት የስዊድን ዜግነት አገኘች። ቪዛ ስለማያስፈልጋት ሚዜነቱ ወደ እሷ ዞረ። እኔ ያሰፋሁትን ሐምራዊ ቀሚስም ወሰደችና ወገቡን አስጠበበችው፤ ማስጠበቧ ለብቻው አናደደኝ። ቀናሁ። መስታወት ፊት ስትሽከረከር «ያምርብሻል» እያልኩ፣ በልቤ ቀሚሱ በተቀደደ እል ነበር።

ቅዳሜ ልትበር ሐሙስ ማታ ለሂሩት የሚላከውን ቆሎ እቆላለሁ። ግንቦት ነውና ገና ብርሃን ነው። ሰናይት ቦርሳዋ ውስጥ «ሌጓን»፣ ማለትም ባንክ የሰጣትን ተራ መታወቂያ ብቻ ስትከት አየሁ።

«ፓስፖርትሽስ?»

«ስመለስ አወጣለሁ። አሁን ዜጋ ነኝ እኮ! ፊንላንድ በመርከብ የሄድኩት በዚሁ ሌግ አይደል?»

ለጎረቤት አገሮች ያስኬዳል። ለንደን ግን ወይ ፓስፖርት፣ ወይ ብሔራዊውን መታወቂያ ይጠይቃል፤ የባንኩ ካርድ ላይ ዜግነት እንኳ አልተጻፈም። አውቅ ነበር። ብነግራት ዓርብ፣ ፓስፖርት ከሚሰጠው ፖሊስ ዘንድ ሄዳ ጊዜያዊ ፓስፖርት ታወጣ ነበር።

«እሺ» አልኩና ቆሎዬን ማማሰል ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሻንጣዋን እየጎተተች ተመለሰች። አየር ማረፊያው ላይ በዚህ ካርድ አትሳፈሪም ብለዋታል። ሶፋው ላይ ተቀምጣ የሂሩትን ቆሎ ከፈተችና አብረን መብላት ጀመርን። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። የዘገንኩትን ቆሎ መልሼ ከተትኩት።

«አንቺን ሲከለክሉሽ እንዲህ እንደሚያም አልገባኝም ነበር። ይቅር በዪኝ» ብላ አቀፈችኝ።

የሂሩት ሚዜ የሙሽራው እህት ሆነች።

ሰናይት ዛሬ ሶልና ነው የምትኖረው፤ የልጄ የክርስትና እናት ናት። ልጄ ባለፈው ሳምንት ለእሷ ደውላ ብትከሰኝ፣ «ተያት፤ በእኔ ከደረሰው ተምራ ነው» ብላ ሳቀች አሉ። ያን ሐሙስ አውቅ እንደነበር እስካሁን አልነገርኳትም። ቀሚሱ ቁምሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ወገቡ ለእሷ እንደጠበበ።