እትዬ ዘነበች ያላስጨረሰችን ፊልም

ባለፈው ሰሞን፣ በስደት ባደግኩበት ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ዘንድ ገብቼ የጋለ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ እትዬ ዘነበች ድቅን አለችብኝ። ካርቲየ 6 ሰፈር የነበረው ቪዲዮ ቤቷ ልክ እንደዚያ ይሸት ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ ቬንትሌተሩ ትኩስ አየር እየረጨብን፣ በሰው ቤት የሚሠሩ ያገሬ ልጆች ዓርብ ዓርብ ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተው ፊልም ያዩ ነበር። እኔ ከአክስቴ ከጽጌ ጉያ አልጠፋም። ጽጌ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ሄሮን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር አንድ ፈረንጅ ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር የምናገኛት ዓርብ ብቻ ነበር።

እትዬ ዘነበች ደርባባ፣ በሰው ፊት የማትስቅ ሴት ነበረች። ፊልሙን እያቆመች ፈረንሳይኛውን ትተረጉምልናለች፤ ያልገባትን ግን ከራሷ እንደምትሞላ እጠረጥር ነበር። ሴቶቹ ሁሌ የሚያስደግሟት አንድ ታሪክ ነው። ከድሮ የእንግሊዝ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው ትለን ነበር። አንዲት ደሃ ልጅ ትልቅ ቤት ትቀጠራለች፤ ጌትዮው ይወዳታል፤ ፎቅ ላይ ግን የማይከፈት ክፍል አለ። ይህንኑ ታሪክ ስንቱ ሠርቶታል መሰላችሁ! ጥቁርና ነጩ ነበራት፣ ባለቀለሙ ነበራት፣ በዓረብኛ የተተረጎመውም ነበራት። ሴቶቹ የየትኛው ጌታ መልክ ይበልጣል እያሉ ሲከራከሩ እሷ ታሽሟጥጥና፣ «መልኩ ነው እንጂ የተለወጠው ቁልፉ ያው ነው» ትላቸዋለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከአፏ አይጠፋም ነበር።

እኔ ደግሞ የምጠረጥረው እሷኑ ነበር። ልጅቷ ጌትዮው ሚስቱን እዚያ ክፍል ቆልፎ እንደሚያኖራት ደርሳበት፣ ጓዟን ጠቅልላ ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ስትወጣ፣ እትዬ ዘነበች ብድግ ብላ «አለቀ» ትልና ታጠፋዋለች። ካሴቱን ስታወጣው ግን በላዩ ባለችው ትንሽ መስታወት አየዋለሁ፤ ገና ብዙ ክር ይቀረዋል። ሦስቱንም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። እናቴን ብጠይቃት ነውር ነገር ይኖረው ይሆናል አለችኝ። የቀረውን ለብቻዋ የምታየው እየመሰለኝ አንጀቴ ያርር ነበር።

አንድ ዓርብ ጽጌ ስለ አሠሪዋ ስታወራ «ሙሴ» ማለቷን ትታ «እሱ» አለች። እሱ ቅመም አይወድም፣ እሱ እንዲህ አለኝ። ሄሮን የሚሠራ ሁሉ ወንዱን ሙሴ፣ ሴቷን ማዳም ነው የሚለው። እትዬ ዘነበች ትርጉሟን አቋርጣ ዞረች።

«ከመቼ ወዲህ ነው እሱ የሆነው?»

ጽጌ አንገቷን ደፋች። ማዳም ፈረንሳይ እንደቀረች፣ እንደተፋቱ፣ ሊያገባት ቃል እንደገባላት እየተሽኮረመመች ተናገረች። ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እናቴ እንባ አቀረረች፤ የደስታ ይሁን የስጋት እስከዛሬ አላውቅም። እትዬ ዘነበች ግን ፓስፖርቷ የት እንዳለ ጠየቀቻት። ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ ሰውየው ቆልፎ እንደያዘው ጽጌ ነገረቻት።

«ጠይቂው። ከሰጠሽ ፍቅር ነው።»

ከዚያ ባለቀለሙን አስገባች፤ ልጅቷ መንገድ ስትጀምርም እንደልማዷ አጠፋችው።

የሚቀጥለው ዓርብ ጽጌ አልመጣችም። እናቴ እህል ሳትቀምስ ዋለች፤ እትዬ ዘነበችንም የልጅቷን እንጀራ ልትዘጊ ነው ብላ ተጣላቻት። ሰኞ ከሰዓት ላይ ጽጌ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ ከች አለች። ፓስፖርቷን ስትጠይቀው መጀመሪያ ስቆ፣ ምን ያደርግልሻል፣ የት ልትሄጂ ነው አላት። ደግማ ስትጠይቀው የውጭውን በር መቆለፍ ጀመረ። ጋዝ የሚያመጣው ሰው በሩን ሲያስከፍት ነው ሹልክ ብላ የወጣችው። ፓስፖርቷ እዚያው ቀረ፤ ሌላ እስክታወጣ ፍዳዋን አየች።

እትዬ ዘነበች ከዓመታት በኋላ ድሬዳዋ ገብታ እዚያው አረፈች፤ ነፍሷን ይማር። በወጣትነቷ እሷም ሄሮን ትሠራ ነበር ይባላል። ምን እንዳየች ግን ለማንም አልተናገረች፤ እኔም የመሰለኝን ለራሴ ይዤ ቀረሁ።

በቀደም ልጄ በስልኳ ከዚያው ታሪክ አዲስ የተሠራውን ፊልም አገኘችልን። ጽጌ አሁን ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ቁጭ ብለን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አየነው። ለካ ልጅቷ ትመለሳለች! በገዛ እግሯ ሰውየው ጋ ሄዳ ታገባዋለች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጽጌ ግን ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

«እትዬ ዘነበች እንኳንም መጨረሻውን ደበቀችኝ» አለች። «ያን ጊዜ ይሄን ባየው ኖሮ እሱ ቤት ቀርቼ ነበር።»

ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።