የሰር ሄስኬት ሠላሳ አንድ ሰዎች

ሰር ሄስኬት ትሬሊስ በኮርንዎል ጠረፍ የመዳብ ጉድጓድና ሰባት እርሻ ከነማዕረጉ ከአባታቸው የወረሱ፣ ሃያ ዓመት ያገራቸውን ሰው ወክለው በለንደን ፓርላማ የተቀመጡ ሰው ነበሩ። አንደበታቸው ርቱዕ ነው። እሳቸው ሲነሡ ያንቀላፋው እንደራሴ እንኳ ነቃ ይላል ይባልላቸው ነበር።

አንድ የየካቲት ማለዳ ጆሪ ናንኪቬል የሚባል ሽማግሌ ቆፋሪ ከጉድጓዳቸው ተነሥቶ ለንደን ካለው ቤታቸው ድረስ መጣ። ሚስቱ ሎዌና የጋገረችውን ሥጋና ድንች የተሞላ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል።

«ልጅ ሳሉ ይወዱት ነበር ብላ ነው» አለ፣ ቆቡን በእጁ እያሻሸ። «ጌታዬ፣ ነገር አላስረዝምም። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለተኛ መውጫ ይኑረው ለሚለው ሕግ ሐሙስ ድምፅ ይሰጣል አሉ። ይደግፉልን።»

«ጆሪ፣ ሁለተኛ መውጫ ይቆፈር ካልን ጉድጓዱ ወጪውን አይችልም፤ ይዘጋል። ሥራ ፈትታችሁ ልትቀመጡ ነው?»

«ሥራ የሚፈታውም እኮ በሕይወት ያለ ሰው ነው።» ሽማግሌው ሳቅ አለ። «ልጅ ሳሉ በጀርባዬ አዝዬ ከገደሉ ወደ ባሕሩ አወርድዎት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጥዬዎት አላውቅም።»

ሰር ሄስኬት ሻይ አስቀዱለትና ሸኙት። ሐሙስ ተነሥተው ሕጉን በመቃወም አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ ወንበሩ ሁሉ «እውነት ነው! እውነት ነው!» አለላቸው። ሕጉ በሦስት ድምፅ ብልጫ ወደቀ።

በኅዳር የጉድጓዱ አፍ ተናደ። ሠላሳ አንድ ሰው ከሥር ቀረ፤ ጆሪም አብሮ። ሰር ሄስኬት በባቡር ሲደርሱ ሴቶቹ ዝናብ ላይ ቆመዋል፤ ማንም ዘወር ብሎ አላያቸውም። ከመሬት ሥር ብረት ድንጋይ ይመታል። ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም፤ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ከላይ ያሉት ያለ ዕረፍት ቢቆፍሩም አልደረሱላቸውም። በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ድምፁ ቆመ።

ለሰር ሄስኬት ግን አልቆመም። ከምግብ ጠረጴዛቸው ሥር ይመታል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሥር ይመታል። ምንጣፍ አስነሡ፣ አናጢ ጠርተው ሳንቃ አስነቀሉ። አናጢው «አይጥ እንኳ የለም፣ ጌታዬ» ብሎ ቀና ሲል ፊታቸውን አይቶ ደነገጠ።

በዓመቱ ያው ሕግ ተመልሶ ቀረበ። አሁን ሊደግፉት ተነሡ። ሁለት ቃል ሳይናገሩ አቋርጠው ጆሯቸውን ወደ ወለሉ አዘነበሉ።

«የተከበሩት ሰው ከወለሉ ሥር እንግዳ አለባቸው እንዴ?» አለ ከወዲያኛው ወንበር አንድ ቀልደኛ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«አዎ» አሉ ሰር ሄስኬት። «ሠላሳ አንድ ናቸው። በሩን የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ስማቸውን በቃላቸው አንድ በአንድ ጠሩ። ስንተኛው ስም ላይ ሳቁ እንደሞተ ያስተዋለ የለም። ሕጉ አለፈ። እሳቸውም መቀመጫቸውን ለቀው አገራቸው ገቡና በቀጥታ ወደ ሎዌና ቤት ሄዱ።

ልብስ እያጠበች አገኟት። «ምን ፈልገው መጡ?» አለች፣ ከገንዳው ቀና ሳትል።

«ይቅር በዪኝ ልል አይደለም። እስካሁን እሰማቸዋለሁ። የምነግረው ሰው ባጣ ነው።»

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። «እኔ ድምፁ ከቆመ ወዲያ ጆሮዬን መሬት ላይ ደፍቼ ስንት ቀን አዳመጥኩ! አንድ ጊዜ እንኳ ብሰማ ምን ነበር? እኔ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ለእርስዎ ይምጣ?»

ሰር ሄስኬት ሊወጡ ዘወር አሉ። እሷ ግን እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወንበር ሳበችላቸው። «ይቀመጡ። አሁን ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«የሚመታው እንዴት ነው? ደክሞታል?»

«አልደከመውም። ጠንከር አድርጎ ነው የሚመታው።»

«እሱ ነዋ» አለች ሎዌና፣ እንባዋ እየወረደ።

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ይሄዱላት ነበር። ሰው ብዙ አማ፤ እብድና ባልቴት ተገናኙ ተባለ። ከስድስት ዓመት በኋላ እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው እሷ ኮረብታውን ወጥታ በትልቁ ቤት የፊት በር ገባች፤ የቆፋሪ ሚስት በዚያ በር ገብታ አታውቅም። እስከ መጨረሻዋ እሑድ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። ከቀብራቸው በኋላ ጎረቤቶቿ ስለ ምን ስታወሩ ከረማችሁ ብለው ቢጠይቋት «ስለ ጆሪ» ብቻ አለች።